የአንሙት አንቀልባ

በዚህ ሰሞን አንዲት የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ወልዳ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ቤቷ ደብረ ማርቆስ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። በሩን ገፋ ሳደርግ የተቀበለኝ የአብሽ ሽታ ነው፤ ምድጃው ላይ ተጥዶ ይንተከተካል። እናቷ ከጓዳ ብቅ ብለው "ግቢ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምሻል" አሉኝ። ገባሁ፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብዬ አራሷን ሳምኳት፤ ህፃኑንም አየሁት። አብሹን በማር አድርገው ሲሰጡኝ ግን አንድ ጊዜ ተጎንጭቼ አስቀመጥኩት።

"አይስማማሽም?" አሉኝ።

"ኧረ ይስማማኛል" አልኩ።

አልዋሸሁም፣ ሆዴን አያመኝም። ግን አብሽ በሸተተኝ ቁጥር ደረቴ ላይ አንድ ነገር ቆንጠጥ ያደርገኛል። ስሙን አውቀዋለሁ፣ ቅናት ነው። የያዘኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከህዳር እስከ ገና ባለው ጊዜ ነው።

ቤታችን ከአምበር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ ካለው ዳገት ላይ ነበር። ከእኔ በኋላ ለእናቴ ለብዙ ጊዜ ልጅ አልቆየላትም። ስለዚህ ወንድሜ ሲወለድ አባቴ ስሙን አንሙት አለው። በእኛ አገር አንሙት የሚባል ሰው ሞልቷል፤ የስሙን ትርጉም ቆም ብሎ የሚያስብ የለም። እኔም አላሰብኩትም ነበር፣ እስኪሞት ድረስ።

አንሙትን የማዝለው እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ደብተሬን ተቀብላ ጀርባዬን ታዞረኛለች፤ ከዚያ በአንቀልባው ጥብቅ አድርጋ ታስርልኛለች። አንቀልባው ከለስላሳ ቆዳ የተሠራ፣ ጠርዙ በዛጎል የተጌጠ ነበር፤ እኔም የታዘልኩት በእሱ ነው። ቅቤ ቅቤ ይላል። ሌሎቹ ሴቶች ልጆች ሜዳ ላይ ሲሯሯጡ እኔ ዳር ላይ ቆሜ ወዲያና ወዲህ እወዛወዝ ነበር፤ ሸክም ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ትንፋሹ ማጅራቴን ያሞቀኛል። እንደ ትልቅ ሴት "እሹሩሩ" እያልኩ ከአጥሩ እስከ ጌሾው ድረስ ስመላለስ፣ የሚያልፉት ሴቶች "አቤት ባንቻየሁ፣ ልጅ አሳዳጊ ሆነሻል" ይሉኛል። ያን ጊዜ የሚቀናብኝ ሰው ነበር እንጂ የምቀናበት አልነበረም።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንሙትን ሳል ያዘው። አባቴ አምበር ጤና ጣቢያ ወስዶት መድኃኒት ይዞ ተመለሰ። ትንሽ ተሻለው፣ እንደገና ባሰበት፣ አንድ ጠዋት አልነቃም። ህፃን ስለሆነ ለቅሶው አጭር ነበር። ሴቶቹ ለእናቴ "ምትክ ይስጥሽ፣ አይዞሽ" እያሉ ከሰዓት በኋላ ወደየቤታቸው ተበተኑ፤ የጤፍ አጨዳ ነበረባቸው። አባቴ አንቀልባውን ምሰሶው ላይ ካለው ችንካር ሰቀለው። ማንም አልነካውም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት እናቴ አጠገብ የአንሙት የነበረው ቦታ የእኔ ሆነ። ጋቢዋን ገልጣ ታስገባኛለች። ጡቷን በመቀነት አጥብቃ ታስረዋለች፤ ሆኖም ቀሚሷ ይረጥባል። ማታ ማታ ከጓሮ ትወጣና ከጌሾው ሥር ጎንበስ ብላ ወተቱን እያለበች መሬት ላይ ታፈሰዋለች። በመስኮቱ ቀዳዳ አያት ነበር። የአንሙትን ወተት ጌሾው ጠጣው ብዬ አዘንኩ። ስትመለስ ግን እጇ ቀዝቅዞ እኔን ታቅፋለች፣ እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል። ሐዘን ቢሆንም ሞቃት ነበር።

እንዲህ እያለን ነው ጎረቤታችን የሻረግ የሞተችው።

የሻረግ የአያ ስማቸው ሚስት ናት፤ ቤታቸው ከእኛ ቤት በታች፣ አጥር ለአጥር ነው። የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ምጥ ሲጠናባት ወንዶቹ በቃሬዛ ይዘዋት ወደ አምበር ሲገሰግሱ መንገድ ላይ ወለደች፤ ደሟ ግን አልቆመም። ቃሬዛውን ይዘው ተመለሱ። እናቷ እማሆይ ወለተ ሃና የነበራቸው ልጅ እሷ ብቻ ናት። ባላቸው ሲሞት መንኩሰው ቆብ አድርገው ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። እማሆይን እንደ ተራራ ነበር የማያቸው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ቢጫ ልብሳቸው ሁልጊዜ ንጹሕ የሆነ።

የሻረግ በተቀበረች በማግስቱ፣ ረፋዱ ላይ፣ እማሆይ ወደ ቤታችን መጡ። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። አያ ስማቸው ከኋላቸው ተከትሎ መጥቶ ከደጅ ቆመ፤ ግባ ቢባልም አልገባም። እማሆይ ጥቅሉን እናቴ ጭን ላይ አላደረጉትም። ከመደቡ ላይ፣ ከእናቴ ትንሽ ራቅ አድርገው አስቀመጡትና እሳቸው ወደ በሩ ሄደው ተቀመጡ።

"የላም ወተት በጨርቅ አድርገን ሞክረን ነበር" አሉ። "ይተፋዋል።"

እናቴ ጥቅሉን አላየችውም። ግድግዳውን ታያለች። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ነገር ማልቀስ ጀመረ፤ የአዲስ ልጅ ለቅሶ ስለሆነ ከድመት ድምፅ አይለይም። አባቴ እናቴን አየና "አንቺ እንዳልሽ ነው፤ የሚያስገድድሽ የለም" አላት።

እኔ እናቴን ሳይሆን ቀሚሷን ነበር የማየው። ሁለት ክብ እርጥበት ደረቷ ላይ ወጣና እየሰፋ መጣ። እናቴም ወደ ታች አየችው። ከዚያ መቀነቷን ፈታችው።

"የአንሙት እኮ ነው" አልኩ እኔ።

ሁሉም ሰምተውኛል። እናቴ ግን ህፃኑን አንስታ ጡቷን ሰጠችው። ህፃኑ ዝም አለ፤ ከደጅ ግን አያ ስማቸው ሲያለቅስ ተሰማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን አብሽ አብሽ መሽተት ጀመረ። ወተት እንዲጨምርላት ብለው ጎረቤቶቹ አብሽ ያመጣሉ፣ የአጃ ገንፎ ያመጣሉ፣ እማሆይም ከልጃቸው የአራስ ቤት ስንቅ የተረፈውን ቅቤ በቅል ይዘው መጡ። ጊዜው ደግሞ ጾመ ነቢያት ነው። እኔ በዚያ ዓመት መጾም መጀመሬ ነበር፤ አባቴ ትልቅ ሆነሻል ስላለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከንፈሬ ደርቆ፣ የሚጠብቀኝ ሽሮና ቂጣ ሆኖ፣ ገንፎው መካከል ላይ ቅቤው ሲቀልጥ አየዋለሁ። እናቴ ለራሷ እንደማትበላው አውቃለሁ፤ ስትውጠው ፊቷ እንደ መድኃኒት ነው። የምትበላው ለእሱ ነው። ለአንሙት እንኳ እንዲህ ያለ ገንፎ በየቀኑ አልተገነፋለትም።

መኝታዬም ተወሰደ። "ህፃኑን ትጫኚዋለሽ" ተብዬ ወደ ወዲያኛው መደብ ተዛወርኩ። አባቴ አውድማው ላይ እህል ሲጠብቅ ስለሚያድር ብቻዬን ነበርኩ። የታህሳስ ውርጭ ከግድግዳው ይገባል። እነሱ ወዳሉበት ጆሮዬን ቀስሬ አዳምጣለሁ፤ ሲጠባ እንደ ጥጃ ጭክ ጭክ ያደርጋል። አንሙት ቀስ ብሎ፣ ዓይኑን ከድኖ ነበር የሚጠባው። ይኼኛው ግን የሰው እንደሆነ ያወቀ ይመስል ይቸኩላል።

ከሁሉም በላይ ያናደደኝ እናቴ አለማልቀሷ ነበር። አንሙት በሞተ ሰሞን ታለቅስ ነበር፤ ምጣድ ስታሰማ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ከምንም ተነስታ ታለቅሳለች። ህፃኑ ከመጣ ወዲህ እንባዋ ጠፋ። ስሙንም አታነሳም። እኔ ሆን ብዬ "አንሙት ቢኖር ኖሮ አሁን ይቀመጥ ነበር" ስላት ከንፈሯን ነክሳ ትነሳና አንድ ሥራ ትጀምራለች። ረስታዋለች ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ቀን ወፍጮ ስትሄድ የገባች ጎረቤት ህፃኑን እያየች "ካሳሽ ነው፣ እግዜር ካሰሽ" አለቻት። ካሳ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት የጎረቤት በሬ ማሳችን ገብቶ በቆሎ ሲበላ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የበሬውን ባለቤት ለአባቴ ካሳ አስከፍለውታል። ስለዚህ ነገሩ ሌሊቱን ሁሉ አወዛገበኝ። ካሳ የሚከፍለው ያጠፋ ነው። እግዜር ለእኛ ከካሰ አጥፍቷል ማለት ነው። ደግሞስ የእኛን ጉዳት በእማሆይ ንብረት እንዴት ይክሳል? የበሬው ባለቤት እንኳ የከፈለው ከራሱ ጎተራ ነው። ይህን ለማን እንደምናገር አላውቅም፤ እናቴ በሥራ ላይ ናት፣ ሥራዋ ደግሞ እሱ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ስለ ሄሮድስ አስተማሩ። ጌታን አገኛለሁ ብሎ የቤተልሔምን ህፃናት ሁሉ በሰይፍ እንዳስፈጀ፣ እመቤታችን ግን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ እንደሸሸች። ሰዉ ከንፈሩን ይመጣል። እኔ ከእናቴ ጎን ቆሜ በነጠላዋ ውስጥ የተኛውን አያለሁ። ሄሮድስ እስከ አምበር ድረስ ቢመጣስ የሚል ሐሳብ ብልጭ አለብኝ። ወዲያው ደንግጬ አማተብኩ። ግን ሐሳቡ አልሄደም፤ ዞሮ ሌላ ጥያቄ ሆነ። እነዚያ እናቶችስ? ልጆቻቸው ሲታረዱ የአንዷ ብቻ ሲያመልጥ ምን አሉ? ቄሱ ስለዚያ አልተናገሩም።

የህፃኑ አርባ ከገና ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ደረሰ። በጠዋት ለጥምቀት ስንነሳ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። እናቴ የበዓል ቀሚሷን ለበሰች። ከዚያ ወደ ምሰሶው ሄዳ እጇን ዘርግታ የአንሙትን አንቀልባ ከችንካሩ አወረደችው።

"እሱን አይደለም" አልኳት።

"ታዲያ በምን ልዘለው?"

"በነጠላሽ።"

"ይበርደዋል ባንቹ።"

"ይብረደው።"

አባቴ "አንቺ ልጅ" ብሎ ተቆጣኝ። እናቴ አልተቆጣችኝም። አንቀልባውን እንደ ያዘች ትንሽ ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ህፃኑን ጀርባዋ ላይ አድርጋ አሰረችው። ዛጎሎቹ ተንሿሹ። ቤተክርስቲያን እስክንደርስ ከኋላዋ እየሄድኩ፣ በአንሙት አንቀልባ ውስጥ ሌላ ጭንቅላት ወዲያና ወዲህ ሲል እያየሁ ተከተልኳት። ተጠምቆ፣ ማተብ ታስሮለት፣ ኃይለ አማኑኤል ተባለ። ሰዉ እልል አለ። እኔ አላልኩም።

በገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ቄጤማ እንዳመጣ ወደ ወንዝ ተላክሁ። እናቴ ጠላ እያጠለለች ነበር። ህፃኑ መደቡ ላይ ተኝቷል፣ አንቀልባው ከችንካሩ ላይ ነው። በርጩማ ላይ ቆሜ አወረድኩት፣ በነጠላዬ ሸፈንኩትና ወጣሁ። ወደ ወንዙ አልሄድኩም። ቁልቁለቱን ትቼ ዳገቱን ወደ ቤተክርስቲያን ወጣሁ። አንቀልባው የአንሙት ነው፤ ስለዚህ ልወስድለት ነው። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው።

ህፃናት የሚቀበሩት ከአጥሩ ውስጥ፣ ከጥዶቹ ሥር ነበር። የአንሙት መቃብር ትንሽ የድንጋይ ክምር ናት። አንቀልባውን ዘርግቼ ድንጋዮቹ ላይ አደረግሁና እንዳይበር ጠርዙን በጠጠር ያዝኩት። ቀና ስል ከዛፎቹ ወዲያ ቢጫ ልብስ አየሁ። እማሆይ ከየሻረግ መቃብር አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል። ልሮጥ ፈልጌ ነበር፣ ግን አይተውኛል።

"ምን ይዘሽ መጣሽ ባንቻየሁ?"

"የአንሙትን አንቀልባ።"

"ለማን?"

"ለራሱ።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ተነሥተው መጡና ከጎኔ ተቀመጡ። አንቀልባውን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። "ጥሩ ቆዳ ነው" አሉ።

ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። "እማዬ ረስታዋለች" አልኳቸው። "አታለቅስም። ስሙን አትጠራም። አሁን የምትወደው የእርስዎን ነው።"

እማሆይ እጃቸውን ከአንቀልባው ላይ አነሱ። "እንባዋን ያስያዝኳት እኔ ነኝ" አሉኝ።

አልገባኝም።

"ያዘነች ሴት ወተት ልጅ ያምማል ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፣ ብቻ ፈራሁ። የቀረኝ እሱ ነዋ። 'አደራሽን፣ ጉልበት እስኪያገኝ ድረስ ለገና እንኳ አድርሺልኝ፤ ከዚያ እንደ ልብሽ ታለቅሻለሽ' ብዬ ለመንኳት። እሺ አለችኝ። እንባ መያዝ ቀላል እንዳይመስልሽ። እኔ አልቻልኩበትም፤ እኔማ የሚጠባኝ የለም፣ እዚህ እየመጣሁ አለቅሳለሁ።"

ከንፈሯን ነክሳ የምትነሳው ትዝ አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አዲስ ቅናት ነው የመጣብኝ፤ ለአንሙት ማልቀሷን እንኳ ለዚያ ልጅ ብላ ተወችው።

"እማሆይ፣" አልኩ፣ "እነዚያ ሄሮድስ ልጆቻቸውን የገደለባቸው እናቶች በእመቤታችን አልቀኑም?"

ዘወር ብለው አዩኝ። ይህን ጥያቄ ከእኔ የጠበቁ አይመስሉም ነበር።

"ቀንተው ይሆናል" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ብሆን እቀና ነበር። አሁንስ መቼ ቀረልኝ? በእናትሽ እቀናለሁ። የልጄን ልጅ እኔ ሳቅፈው ያለቅሳል፤ እሷ ስታቅፈው ዝም ይላል። ፊቱን ወደ እሷ ሲያዞር አንጀቴ ይቃጠላል።"

"ቅናት ኃጢአት አይደለም?"

"ነው እንጂ። ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ።"

"ምን አሉዎት?"

"ስገጂ አሉኝ። እሰግዳለሁ። ከስግደቱ ስነሳ አሁንም እቀናለሁ። እንደገና እሰግዳለሁ።"

ትልቅ ሰው፣ ያውም ቆብ ያደረገ፣ እንደ እኔ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። ወደ እሳቸው ትንሽ ተጠጋሁ። ነፋሱ ጥዱን ያንሾካሹከዋል፤ ኅብስቱ ከሚጋገርበት ከቤተልሔሙ በኩል ለማታው የሚዘጋጁት ዲያቆናት ድምፅ ይሰማል።

"አንድ ነገር ግን አለ" አሉ እማሆይ። "ጌታ ከሄሮድስ ሰይፍ ያመለጠው እንዲያው ሊቀር አይደለም። እነዚያ ልጆች እሱን ፍለጋ በመጣ ሰይፍ ሞቱ። እሱ አደገና በገዛ ፈቃዱ እነሱ ወዳሉበት ሄደ። ሞተ፣ መቃብር ገባ፣ እንደ ማንኛችንም ድንጋይ ተጫነው። ከዚያ ሲወጣ ብቻውን አልወጣም። ስለዚህ የኔ የሻረግና ያንቺ አንሙት የገቡበት ቤት እሱ የማያውቀው ቤት አይደለም። ገብቶበታል፣ መውጫውንም ያውቃል። እኔ የምይዘው ይህን ነው። ሌላ የምይዘው የለኝም።"

"አንሙት ሲወጣ ያኔም ህፃን ነው?"

"አላውቅም።"

"ማን ያዝለዋል ታዲያ?"

"እሱንም አላውቅም ልጄ። አንቺ ትኖሪ ይሆናል።"

ከዚያ ተነሡ፤ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ትከሻዬን ይዘው ነው የተነሡት። አንቀልባውን እያዩ "እንግዲህ እንደ ልብሽ" አሉኝ። "ትተሽው ብትሄጂ ግን ዛሬ ማታ ጅብ ይበላዋል። ቆዳ ነው።"

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ጅብ የአንሙትን አንቀልባ ሲያኝክ በዓይኔ መጣብኝና ከድንጋዩ ላይ አነሳሁት። ቤት ስደርስ እናቴ ደጅ ቆማ ነበር። ቄጤማ አልያዝኩም። አንቀልባው ላይ የመቃብር አፈር አለ። አየችው፤ ከየት እንደመጣ ገብቷታል። ተቀብላኝ በመዳፏ አራግፋ መልሳ ሰቀለችው። "ሂጂ፣ ሳይመሽ ቄጤማውን አምጪ" ብቻ አለችኝ።

በገና ሌሊት ሁላችንም ቤተክርስቲያን አደርን። ህፃኑ ሊቆርብ ስለሆነ ከማታ ጀምሮ ጡት አልተሰጠውም። ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ሰማዩ ነጥቷል፣ ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ሰዉ እርስ በርሱ "እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ" ይባባላል፤ "እንኳን አብሮ አደረሰን" ይላል። እናቴ ሰላምታውን በአጭሩ እየመለሰች በሕዝቡ መካከል አልፋ ወደ ጥዶቹ ሄደች። አባቴና እኔ ተከተልናት። እማሆይም ከኋላችን መጡ።

እናቴ ከአንሙት መቃብር አጠገብ ተቀመጠች።  ከዚያ እጇን ድንጋዩ ላይ አድርጋ፣ በሕይወት ያለ ሰው እንደምታናግር፣

"እንኳን አደረሰህ አንሙቴ" አለችው።

ከዚህ ሌላ መናገር አልቻለችም። ያ ሁሉ ቀን የተያዘው እንባ መጣ። ድምፅ አውጥታ፣ "አንሙቴ፣ አንሙቴ" እያለች አለቀሰች። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። እኔ ደነገጥኩ፤ ለቅሶውን ስመኘው ከርሜ ሲመጣ ግን ያስፈራ ነበር። ደግሞ ግራ ገባኝ። አንሙት ለገና አልደረሰም፣ በህዳር ነው የሞተው። ያልደረሰ ሰው እንዴት እንኳን አደረሰህ ይባላል?

የመለሱላት እማሆይ ናቸው። ከየሻረግ መቃብር አጠገብ ቆመው፣ አንዱን እጃቸውን በልጃቸው ድንጋይ ላይ አድርገው፣ ለአንሙትም ለየሻረግም ሆነው "እንኳን አብሮ አደረሰን" አሉ። አባቴ "አሜን" አለ። ትላልቆቹ ሦስቱም እንዲህ ሲሉ አንሙት ያለበት ቦታ የገና በዓል ከእኛ ቀድሞ የገባበት ቦታ መሰለኝ። አንድ አፍታ ልክ በአጥሩ ወዲያ ያለ ያህል ቅርብ ሆነ። ያን አፍታ ከዚያ በኋላም በየገናው ጠብቄዋለሁ፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም።

ህፃኑ ርቦት ኖሮ መጮህ ጀመረ። እናቴ እያለቀሰች ነው። እማሆይን አየኋቸው፤ ጭንቅ ብሏቸዋል፣ እጃቸው ወደፊት ተዘርግቶ መሃል ላይ ቀርቷል። "ቆይ፣ አታጥቢው" ሊሉ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። እናቴም ለቅሶዋን ሳታቆም ደረቷን ገልጣ አጠባችው። ወተቱ መሮት እንደሆነ ለማየት አጎንብሼ ፊቱን ተመለከትኩ። እንባዋ ግንባሩ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሱ ግን ዓይኑን ከድኖ፣ ያ ጥድፊያው ጠፍቶ፣ ቀስ እያለ ይጠባ ነበር።

ቤት ስንመለስ ጾሙ ተፈትቶ፣ አባቴ ከቅርጫው ሥጋ አምጥቶ፣ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ቤቱ በሰው ሞላ። አያ ስማቸውም በመጨረሻ ደጃችንን አልፎ ገባና ከአባቴ ጎን ተቀመጠ። እናቴ ዓይኗ አብጧል፤ ግን ወዲያና ወዲህ እያለች ታስተናግዳለች። እንጀራ ልታቀርብ ስትል ህፃኑን የምታስይዘው ሰው አጣች። እኔ ነበርኩ ቅርቧ። ምንም ሳትለኝ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ከአንሙት ይከብዳል። ማተቡ አንገቱ ሥር ገብቷል። ላስተካክልለት ጣቴን ሳስጠጋ ያዘኝ፣ አልለቅም አለ። እንዲህ ሆነን ሳለን አክስቴ ታንጉት ደረሰች። የአባቴ እህት ናት፤ ከአማኑኤል ከተማ በዓሉን ከእኛ ጋር ልታደርግ በመኪና መጥታ ነው። ሁሉንም እየሳመች ዞራ እኔ ዘንድ ስትደርስ ህፃኑን አየችው።

"አቤት ማማሩ። እስቲ ስጪኝ፣ ደክሞሻል፣ ልቀፈው" አለች።

"አልደከመኝም።"

"ለአንድ አፍታ ነው እኮ።"

"አይሆንም።"

አክስቴ ሳቀች። "ምንሽ ነውና ነው እንዲህ የምትሰስቺው?"

ወንድሜ ነው እንዳልል ወንድሜ ከጥዱ ሥር ነው። የጎረቤት ልጅ ነው እንዳልል የእናቴን ጡት ጠብቷል።  አክስቴ እጇን እንደዘረጋች ናት፣ ሰዉም ያየኛል። እኔም ህፃኑ እንዳይታያት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ።